አንጓ

ጥቅምት ነበር ወሩ፣ ማልፒካ ወደቡ፤
ጀልባዋ ስትጠጋ ከድንጋዩ ግንቡ
ገመዱ ሾለከ፣ ዞረ ተጠምዝዞ፣
ወደ ብረቱ ጉቶ ጣቷን ሄደ ይዞ።

ዶሲንዳ ትባላለች፣ ኀምሳ ስምንት ዓመቷ፤
መረብ መጠገን ነው የእሷም የእናቷ።
ላ ኮሩኛ ሐኪም ቤት በማታ ደረሰች፣
እጇን በዓሣ በረዶ ጠቅልላ እንደያዘች።
ራጁን ሰቅዬ ባየው ከመብራት ፊት
የቀለበት ጣቷ፣ መካከለኛው አንጓ፣
ከቤቱ ወልቋል፤ መቀመጫው አጥንት
ደቅቋል፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት።

መጀመሪያ ግን ቀለበቱ። መቁረጫውን ሳመጣ
«ቁረጠው» አለችኝ፣ «ኤላዲዮ አይቆጣ፤
ላስ ፓልማስ እንደሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣
ውላችን በወርቅ ነው ብሎ ማን አመነ?
በሳሙና ታገልኩ፣ በዘይት ታገልኩ፤
ቀለበቱ አልወልቅ ብሎ
ጣቴ ወለቀልህ!»

ሰው ስብራት ሲሰማ ጀሶ ነው የሚታየው፤
አስሮ ማኖሩ ነው፣ ዝም ማሰኘቱ ነው።
አንጓ ግን ዝም ካለ፣ እንደ ተተወ በር፣
ማጠፊያው ዝጎ ነው የሚቀር።

ስለዚህ ሁለት ሽቦ።
አንዱን ከአንጓው በላይ፣ አንዱን ከአንጓው በታች፣
አጥንቱን ሰንጥቀው ከጎን ወደ ጎን አለፉ፤
ከቆዳዋ ውጭ፣ በግራም በቀኝም፣
እንደ መንጠቆ ታጠፉ።
በመንጠቆዎቹ መካከል ላስቲክ ወጠርኩ፣ ትንንሽ፣
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወረቀት የሚያስርበትን የመሰለ።
ላስቲኩ ሲስብ አጥንት ከአጥንት ይርቃል፣
በመካከላቸው የክር ያህል ብርሃን ይፈነጥቃል፤
ቢላዋ ሳይነካው፣ ጅማቱ ሲወጠር፣
የተበተነው ስባሪ ተመለሰ ወደ ሰፈር።

የደነዘዘው ጣቷ ብቻ ነው፤ እሷ ነቅታ ታየኛለች።
«ዶክተር፣ የግራው ላልቷል» አለች።
«መረብ በአንድ ወገን ከላላ
ዓሣው መውጫውን በዚያ ያገኛል።»
ሣቅሁ። ከዚያ በራጅ አየሁት፤
አንጓው ወደ ቀኝ አዘንብሏል።
አሥራ ሦስት ዓመት የተማርኩትን ሰው
መረብ ጠጋኝ አረመችኝ፤ ላስቲኩን ለወጥኩት።

በማግስቱ፣
«አሁን እጠፊው» አልኳት።
«ሽቦው እያለ?»
«ሽቦው እያለ።»
ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ፣
ጣቷ ግን ታጠፈ፤ ትንሽ፤ እንደ ሰላምታ።

ወደቡ ላይ ወንዶቹ፣ «ዶሲንዳ፣ አንቴና አወጣሽ፤
የነገውን ማዕበል ንገሪን እንጂ እባክሽ!»
እሷ ግን በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ታጥፋለች፣
በጨው ውኃ ታጥባለች፣
በሦስተኛው ሳምንት ቀዳዳው መግል ይዞ
ኪኒን ውጣ፣ ተሳድባ፣ ደግሞ ታጥፋለች።

አንድ እሑድ ላስቲኩ በጠሰ።
ክሊኒኩ ዝግ ነው። ጎረቤቷ ኦብዱሊያ ጋ ሄደች፤
ሸርጣን ትሸጣለች፤ ጥፍሩን የምታስርበትን
ላስቲክ ለምና አመጣች።
ሰኞ ልቆጣት ተነሥቼ ራጁን አየሁ፤
ከኔ አወጣጠር ይሻላል።
ተቀመጥሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ሽቦዎቹን መዘዝሁ።
ውሸት አልጽፍም፤ ጣቷ ሙሉ ለሙሉ አልተቃናም።
አንጓው ወፍሯል፣ ጠዋት ጠዋት ይግላል፤
በመዝገቧ ላይ ግን «ሰማንያ ዲግሪ ይታጠፋል»
ብዬ ሳሰፍር እጄ በደስታ ቸኩሎ
ቀለሙን አንጠባጠበ።

«አዝናለሁ» አልኳት፣ «ጠማማነቱ ይታያል።»
ከቦርሳዋ የመረብ ቁራጭ አወጣች፣
ትናንት የጠገነችውን፣ አዲሱ ክር ከአሮጌው ጋር አይመሳሰልም።
«ይኸም ይታያል» አለች፣ «ለሰው።
ዓሣው ግን አይለየውም።»

ቀለበቱን በፖስታ መልሼላት ነበር።
አላስበየደችውም።
ክፍቱን እንዳለ ከመርፌዎቿ ሳጥን ጥላዋለች፤
የክር ጫፍ ሲጠፋባት
ውሉን በእሱ ትስባለች።